ለትንሿ ቤት የሠራሁት ምንጣፍ

በእጅ ሙያ አለቃዬ በኡስታ ሳሌም ሥራ ቤት የመጀመሪያ ቀኔ ቅዳሜ ነበር ብዬ ለብዙ ሰው ተናግሬአለሁ። አሁን ግን እጠራጠራለሁ። ወደዚያ ስሄድ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ተከፍተው እንደ ነበር ትዝ ይለኛል፤ በጅቡቲ የሚዘጉት ዓርብና ቅዳሜ ስለ ሆነ እሑድ መሆን አለበት። ስለዚህ አንባቢ ከዚህ በታች የምጽፈውን በሁለት ከፍሎ እንዲያይልኝ እጠይቃለሁ። ልኬቶቹ በደብተሬ የተመዘገቡ ስለ ሆኑ እተማመንባቸዋለሁ። ንግግሮቹን ግን የማቀርበው ጆሮዬ ላይ እንደ ቀሩ ነው።

ሥራ ቤቱ በጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ ሰባት በሚባለው ሰፈር፣ በአንድ ልብስ ሰፊና በአንድ ስልክ ጠጋኝ መካከል ነበር። ስፋቱ አራት ሜትር በሦስት ተኩል ነው፤ ይህን ራሴ ለክቼዋለሁ። አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ሁለት ትንንሽ ሞርሳዎች፣ ጥርሳቸው የደቀቀ መጋዞች፣ በቁጥር የተደረደሩ ሞረዶች፣ ወረንጦዎች፣ የሐኪም ቤት ምላጮች፣ በብረት ክንድ ላይ የተተከለ ማጉያ መስታወት ነበሩበት። ከጣሪያው የተንጠለጠለው ማራገቢያ ሥራ ሲጀመር ይጠፋል። በሠራተኛው ፊት ያለው ዕቃ ከአተር ፍሬ የማይበልጥበት ጊዜ ስለሚኖር ነፋስ ይወስደዋል። በጅቡቲ ሙቀት ማራገቢያ አጥፍቶ መቀመጥ የዚህ ሙያ የመጀመሪያው ፈተና ነው።

እኔ በትምህርቴ የሥነ ሕንፃ ሰው ነኝ። አዲስ አበባ ተምሬ ድሬዳዋ ሠራሁ። በኋላም ዶራሌ ወደብ ላይ ለሚገነቡ መጋዘኖች ንድፍ የሚያዘጋጅ ቢሮ ቀጥሮኝ ወደ ጅቡቲ መጣሁ። ሥራው ሲያልቅ ቢሮው ተዘጋ። ዕድሜዬ ሃምሳ ስድስት ነበር፤ በዚያ ዕድሜ ንድፍ አውጪ የሚፈልግ አሠሪ አላገኘሁም። ኡስታ ሳሌም ለቢሮዎች የሕንፃ ሞዴል፣ ለሀብታሞቹ ሰፈር ለሀራሙስ ቪላዎች ደግሞ የአሻንጉሊት ቤትና በውስጡ የሚገቡ ጌጣጌጦችን በእጅ እንደሚሠራ የነገረኝ አንድ የቀድሞ ባልደረባዬ ነው።

ኡስታ ሳሌም የጅቡቲ ተወላጅ ነው። አባቱ የየመን አናጢ፣ እናቱ የድሬዳዋ ሴት ነበሩ፤ አማርኛውም የድሬዳዋ ነው። የትምህርት ማስረጃዬን የያዘውን ፖስታ ስዘረጋለት ሳይከፍተው ጠርዙን በሁለት ጣቶቹ ይዞ መለሰልኝ።

«ዲፕሎማህን እቤት አስቀምጠው» አለኝ።

«ዲግሪ ነው» አልሁት።

«አቦ! ዲግሪ ከሆነማ ጭራሽ አታምጣው። እዚህ ላብ ይበላዋል።»

ከዚያ አንድ ቁራጭ እንጨት ገፋልኝ። «ወንበር ሥራ። ሰው የሚቀመጥበት።»

በዚህ ሙያ የተለመደው ልኬት አንድ ለአሥራ ሁለት ነው። በትልቁ ቤት አሥራ ሁለት ሳንቲሜትር የሆነ ነገር በትንሿ ቤት አንድ ሳንቲሜትር ይሆናል ማለት ነው። ንድፍ አወጣሁ፣ አሰላሁ፣ ቆረጥሁ፣ አጣበቅሁ። እኩለ ቀን ላይ የዕለቱ ጫት ከተማ ከገባ በኋላ መንገዱ ጭር ሲል ወንበሩን አስረከብሁ። ኡስታ ሳሌም አመልካች ጣቱንና የመሃል ጣቱን እንደ ጉልበት አጥፎ ወንበሩ ላይ አስቀመጣቸው። የኋላው እግር ተሰበረ።

«ልኬቱ ትክክል ነው» ብዬ ተከራከርሁ። «በካሊፐር ለክቼዋለሁ፤ የእግሩ ውፍረት ሦስት ነጥብ ሦስት ሚሊሜትር ነው፤ በትልቁ ወንበር አራት ሳንቲሜትር ማለት ነው።»

«ካሊፐርህን አላማሁትም። ግን የምትጫወትበት ልጅ ካሊፐር ይዛ አትመጣም። አራት ሚሊ አድርገው፣ ማንም አያውቅብህም።»

አራት አደረግሁት። ማንም አላወቀብኝም።

በሥራ ቤቱ ሦስት ደረጃዎች ነበሩ። አለስላሹ የተቆረጠውን እንጨት በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳል። ቆራጩ በመጋዝና በምላጭ ይቆርጣል። ጨራሹ ያጣብቃል፣ ይቀባል፣ ለደንበኛ ያስረክባል። የነበርነው ሁለት ሰዎች ብቻ ስለ ነበርን አንዱ ደረጃ ዘወትር ክፍት ነበር፤ ኡስታ ሳሌም ግን ሥርዓቱን አጥብቆ ያስከብር ነበር። ስምንት ወር ያህል፣ ምናልባትም አሥር፣ አለስላሽ ሆኜ ሠራሁ። በዚያ ጊዜ የሚጠራኝ «አለስላሹ» ብሎ ነው፤ ከእኔ በቀር ሰው በሌለበት ቤት እንኳ። «ኢንጂነር» ማለት የጀመረው ጨራሽ ከሆንሁ በኋላ ነበር።

ጥሬ ዕቃችን በአብዛኛው ሌላው ሰው የጣለው ነው። እንጨቱ ከዶራሌ የሚወጣ የዕቃ ሳጥን ነበር። ሳህን የምንሠራው ከሸሚዝ ቁልፍ ሲሆን ቀዳዳዎቹን በስቱኮ ደፍነን በነጭ ቀለም እንቀባዋለን። ትሪ ከለስላሳ መጠጥ ቆርቆሮ፣ የመብራት ቆብ ከእስክሪብቶ ክዳን ይወጣል። ለመጋረጃና ለምንጣፍ ከአሮጌ ከረባት የተሻለ ነገር አላገኘሁም፤ ሐሩ ቀጭን ነው፣ ሥዕሉም ደቃቅ ነው። ከዩኒቨርሲቲ የተመረቅሁበት ከረባት ዛሬ በሀራሙስ የአንድ አሻንጉሊት ሳሎን ወለል ላይ ተነጥፎ ይገኛል፤ ካልተጣለ።

ከሀራሙስ ደንበኞቻችን አንዷ የአንድ የውጭ ድርጅት ኃላፊ ባለቤት ነበረች። ለልጇ የሠራንላት ባለ ሁለት ፎቅ ቤት በሁለት ወሩ ተሰነጠቀ ብላ ላከችብን። መልእክቱን ያመጣችው አስካለ የምትባል፣ እዚያው ቤት እየኖረች የምትሠራ የደሴ ልጅ ናት።

«ጋሼ፣ ቤታችሁ ያወራል» አለችኝ ገና ከበሩ።

«ምን ይላል?»

«ቀጭ ይላል። አየር ማቀዝቀዣው ሲበራ ቀጭ፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ቀጭ። መዳም 'አይጥ ነው፣ ግደይልኝ' ትለኛለች። የሌለ አይጥ ከየት አምጥቼ ልግደል?»

ኡስታ ሳሌም ጠረጴዛውን እየመታ ሳቀ። እኔ ግን ነገሩ ገባኝ። እንጨቱን የቆረጥነው የባሕሩ እርጥበት በሚገባበት ሥራ ቤት ነው፤ የሚኖረው ደግሞ ደረቅ ቀዝቃዛ አየር ባለበት ሳሎን ነው። ሲደርቅ ይሸሻል፣ ሲርስ ይመለሳል። ከዚያ ወዲህ ለሀራሙስ የሚሄድ እንጨት ሁሉ ከመቆረጡ በፊት ጎረቤታችን ስልክ ጠጋኙ ዘንድ፣ አየር ማቀዝቀዣው ሥር፣ ሁለት ሳምንት ይቀመጥ ጀመር። ይህን ነገር ዩኒቨርሲቲ ተምሬዋለሁ፤ ፈተናም ተፈትኜበታለሁ። የተማርሁት መሆኑ ትዝ ያለኝ ግን አስካለ ከነገረችኝ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ነቢላ ጉዳይ እገባለሁ። በሥራ ዘመኔ ከሠራኋቸው ስሕተቶች ሁሉ ይህን በተለይ ለመጻፍ የመረጥሁት ስሕተቱ የመጣው ከመጠራጠር ሳይሆን ከእርግጠኝነት ስለ ነበረ ነው።

ነቢላ የመጣችው ጨራሽ ከሆንሁ ከሦስት ወይም ከአራት ዓመት በኋላ፣ አንድ ረፋድ ላይ ነው። ቤተሰቧ ሐረሪ ነው። እሷ ግን የተወለደችው እዚሁ ጅቡቲ ሲሆን ከድሬዳዋ ጨርቅ እያስመጣች ትነግዳለች። ተቀመጪ ብላትም አልተቀመጠችም።

«ጋሼ፣ እናንተ ትንንሽ ቤት ትሠራላችሁ አሉኝ።»

«እንሠራለን። ለስንት ዓመት ልጅ ነው?»

«ለሰማንያ ሁለት ዓመት።»

ኡስታ ሳሌም ሞረዱን አስቀመጠ።

የሰማንያ ሁለት ዓመቷ ሰው እናቷ ሐጂያ ሩማና ናቸው። ተወልደው ያደጉት ሐረር፣ ጀጎል ግንብ ውስጥ ነው። የአባታቸውን ቤት ወንድሞቻቸው ከሸጡት ብዙ ዘመን ሆኗል፤ ገዢውም አፍርሶ በብሎኬት ሠርቶታል። እሳቸው ጅቡቲ ከመጡ ጀምሮ የኖሩት በኪራይ ነው። ዓይናቸው ከብርሃን በቀር የሚለየው ነገር የለም። ነቢላን ድሬዳዋ መለዋወጫ የሚነግድ አንድ ሚስቱ የሞተችበት ሰው ጠይቋት ነበር። እሷም ፈቅዳለች። እንቢ ያሉት እናት ናቸው።

«ሰውየውን ጠልታው እንዳይመስልዎ» አለችኝ። «'ጨዋ ነው፣ ድምፁም ደስ ይላል' ትላለች። ግን 'ልጅ የሚዳረው ከቤቱ ነው፣ ሰው ግድግዳ ሥር ተቀምጬ ልጅ አልሰጥም' ብላ ሽማግሌዎቹን ሁለት ጊዜ መለሰቻቸው። ወንድሜ ደግሞ 'እናቴ እሺ ሳትል ኒካሕ አላስርም' ይላል።»

«ሽማግሌዎቹ ይመለሳሉ?» ብዬ ጠየቅሁ።

«የዛሬ ወር፣ ጁምዓ። ከዚያ በኋላ ግን አንመጣም ብለዋል።» ድምፅዋ አልተለወጠም። «ጋሼ፣ እኔ አርባ አንድ ዓመቴ ነው።»

ኡስታ ሳሌም ጺሙን አሻሸ። «እሺ፣ የሐረሩን ቤት በትንሹ ብንሠራው ሐጂያ በየት ይገቡበታል?»

«በእጇ ትግባ። እሷ አሁን የምታየው በእጇ ነው።»

ሥራውን እንድንቀበል የገፋፋሁት እኔ ነኝ። ተማሪ ሳለሁ ከክፍል ጓደኞቼ ጋር ጀጎል ውስጥ አራት ቤቶች ለክተን ነበር፤ ደብተሩን እስከ ዛሬ አስቀምጬዋለሁ። የእነዚያ ቤቶች አሠራር ተቀራራቢ ነው። አንድ ትልቅ ክፍል፣ በውስጡ ከፍታቸው የሚለያይ አምስት መደቦች፣ በግድግዳው ውስጥ የተቦረቦሩ አሥራ አንድ ዕቃ ማስቀመጫዎች፣ ቀይ ወለል። ከበሩ በላይ፣ በውስጥ በኩል፣ ሁለት ዘንጎች ላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ይቀመጣል። አንዱ ቤት ከሌላው የሚለየው በመጠኑና በዕቃው ነው።

ስለ መጠኑ ሠላሳ ሁለት ጥያቄዎች ጽፌ ለነቢላ ሰጠኋት፤ እናቷን እየጠየቀች መልሱን እንድትጽፍልኝ። ወረቀቱ ሲመለስ አንድም ቁጥር አልነበረበትም። «ከአባትዎ መደብ እስከ በሩ ምን ያህል ነው?» ለሚለው የተሰጠው መልስ «አባቴ ሳይጮህ በር ላይ የቆመን ሰው የሚያናግርበት ያህል» ይላል። «የመደቡ ከፍታስ?» ለሚለው ደግሞ «አራት ዓመቴ ሆኖ አገጬ ይደርሳል» ይላል። የመጀመሪያውን አራት ሜትር፣ ሁለተኛውን ሰማንያ ሳንቲሜትር ብዬ መዘገብሁ። ሁለቱንም እርግጠኛ ስላልነበርሁ በእርሳስ ጻፍኋቸው።

ከበሩ በላይ ስላለው ነገር አልጠየቅሁም። በለካኋቸው አራት ቤቶች ሁሉ ነበረ፤ በደብተሬም በተማሪ እጅ ጽሕፈት «የምንጣፍ ማስቀመጫ» ተብሎ ተጽፏል። እሱን በቀለም ጻፍሁት።

ግድግዳውን ከኮምፖርሳቶ ቆርጠን በጂፕሰም ለሰንነው። ወለሉን በቀይ ሸክላ ዱቄት ቀባነው። በሐረር ቤት ግድግዳ ላይ የሚደረደሩትን ሰፌዶች ስድስት ስድስት ክር አንድ ላይ እየፈተልሁ በመርፌ ዙሪያ ጠመጠምኋቸው፤ ትልቁ ሦስት ሳንቲሜትር፣ ትንሹ የምስር ፍሬ ያህል ነበር። ጣሪያው ተነስቶ የሚመለስ ሆነ። ምንጣፉን ከቡናማ ከረባት ቆርጬ፣ ጫፉን በመርፌ ተርትሬ ዘርፍ አወጣሁለትና ጠቀለልሁት። ዘንጎቹ ጥብስ የሚሰካባቸው ቀጭን እንጨቶች ናቸው። በሥራ ቤታችን ደንብ የሚሰቀል ነገር ሁሉ ይጣበቃል፤ በየቪላው አቧራ ሲጠረግ ትንንሽ ዕቃ ይጠፋልና። እኔም ምንጣፉን ከሁለት ቱቦ ተቀላቅሎ በሚደርቀው ብርቱ ኮላ አራት ቦታ ላይ አጣበቅሁት።

ነቢላ ሐሙስ ዕለት መጥታ አየችው። ዙሪያውን ሁለት ጊዜ ዞረች። በተለይ የወደደችው ምንጣፉን ነበር። «ይሄ እንዴት ያምራል!» አለች። ደስ አለኝ።

በማግሥቱ፣ ሽማግሌዎቹ በቀጠሩት ጁምዓ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ቤቱን በአንድ ፒክአፕ ጭነን ወደ ሐጂያ የኪራይ ቤት ወሰድነው። ኡስታ ሳሌም ሾፌሩን በሶማልኛ ቀስ በል እያለ ይለምናል፤ እኔ ቤቱን በጭኔ አቅፌዋለሁ። ሁለተኛ ፎቅ ስንደርስ ሦስቱ ሽማግሌዎች አስቀድመው ተቀምጠው ነበር። የነቢላ ወንድም በሩ አጠገብ ቆሟል። ሐጂያ ሩማና ፍራሽ ላይ ግድግዳ ተደግፈዋል። ቀጭን ናቸው፤ እጃቸው ግን የሠራተኛ እጅ ነው።

ቤቱን ከፊታቸው አኖርሁና ጣሪያውን አነሳሁ።

«ማነው እሱ?» አሉ።

«ቤቱን የሠራው ጋሼ ነው፣ እማ» አለች ነቢላ።

«ሐረሪ ነው?»

«አይደለሁም፣ እማማ» አልሁ።

«ታዲያ ቤታችንን በምን አወቅኸው?»

«ለክቼ ነው» አልሁ። መልሱ እንዳላረካቸው ወዲያው ገባኝ።

ጣሪያው ተነስቶ ሳለ እጃቸውን ከላይ አላስገቡም። በጣታቸው በሩን ፈለጉት፣ ቢስሚላህ ብለው ገፉት፣ በበሩ ገቡ። ወለሉን አለፉ፣ የመጀመሪያውን መደብ ወጡ፣ ቀጥሎ ሁለተኛውን። «ይሄ የአባቴ ነው» አሉ ለማንም ሳይሆን። ከዚያ ወደ እኔ አቅጣጫ፦ «በጣት ያህል ዝቅ ብሏል። ግድ የለም።» ማስቀመጫዎቹን አንድ በአንድ እየነኩ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ ቆጠሩ። አሥራ አንድ ላይ ሲደርሱ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን አስግገዋል። ነቢላ የሻሿን ጫፍ በጣቷ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች።

ሐጂያ ወደ በሩ ተመለሱ። ጣታቸው በሩን ይዞ ወደ ላይ ወጣ። ምንጣፉ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ይሄን ማን ሰቀለው?»

«እኔ ነኝ» አልሁ።

«ምን እንደሆነ ታውቃለህ?»

«የምንጣፍ ማስቀመጫ ነው፣ እማማ። በለካኋቸው ቤቶች ሁሉ ነበር።»

«በለካሃቸው ቤቶች ሁሉ ሴት ልጅ ነበረቻ!» አሉ። «ለትዳር የደረሰች ልጅ ስትኖር ነው ምንጣፍ ተጠቅልሎ እዚያ የሚሰቀል። ገብቶ ያየ ሰው ሳይጠይቅ እንዲያውቅ። የታጨች ዕለት ይወርዳል።»

ይህ ልማድ በሁሉም ቤት እኩል ይጠበቅ እንደ ነበር አላውቅም፤ ከዚያ በኋላ የጠየቅኋቸው ሰዎች የተለያየ ነገር ነግረውኛል። በሐጂያ ሩማና ቤት ግን ይጠበቅ ነበር። ሽማግሌዎቹ ለሦስተኛ ጊዜ ለሚመጡበት ቀን፣ በእሳቸው በር ላይ፣ ያላገባች ሴት ልጅ አለች የሚል ምልክት ሰቅያለሁ። ነቢላን አየኋት። ፊቷ አመድ መስሏል።

ከሽማግሌዎቹ ትልቁ፣ ወፍራም ድምፅ ያላቸው ሐጂ፣ አጋጣሚውን ሊጠቀሙበት ሞከሩ። «እንግዲህ ሐጂያ፣ ሁለት ጊዜ ተመላልሰን ያላገኘነውን መልስ በርዎ ሰጠን።»

«በሬ ቢናገር እኔ አልተናገርኩም። ሐጂ፣ ዝም በል።»

ሐጂው ወደ ኋላ ተደገፉ።

«ነቢላ» አሉ እናት። «ስቀልልኝ ብለሽ ያዘዝሽው አንቺ ነሽ?»

«ወላሂ አላዘዝኩም፣ እማ። ምን እንደሆነም አላውቅም ነበር።»

«አታውቂም?»

«ጌጥ መስሎኝ ነው። ከየት አውቀዋለሁ?»

የሐጂያ ሩማና ጣት ከምንጣፉ ላይ አልተነሳም።

«እውነት ነው፣ ከየት ታውቂዋለሽ» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሰቅዬልሽ አላውቅማ። የእኔን እናቴ ሰቀለችው፣ እናቴ አወረደችው። አንቺ አሥራ ስምንት ሲሞላሽ ሰው ግድግዳ ላይ ምን ሚስማር እመታለሁ ብዬ ተውኩት። ሃያ ሆነሽ፣ ሠላሳ ሆነሽ፣ ያው ተውኩት።»

እናትየው ምንጣፉን በሁለት ጣታቸው ያዙና ሳቡት። አልመጣም። እንደገና ሳቡት። ቤቱ በሙሉ ወደ እሳቸው ተንሸራተተ።

«ለምን አይወርድም?»

ከመናገር በቀር ምርጫ አልነበረኝም። «በኮላ አጣብቄዋለሁ፣ እማማ።»

«ምን አልክ?»

«አራት ቦታ።»

ሐጂው ከዚህ በላይ መታገሥ አልቻሉም። «ያ አላህ! ኢንጂነር፣ ልጅቷን ቤት አጣብቀህ ልታስቀርብን ነው?» ሌሎቹ ሽማግሌዎች ሳቁ፣ ወንድሟም ሳቀ። ነቢላ እንባዋ እየወረደ ስትስቅ አየኋት። ሐጂያ ሩማና ግን አልሳቁም።

«አንተ ያጣበቅኸው ታላቅቀዋለህ» አሉኝ።

ለማስረከብ ስሄድ ምላጭ፣ ወረንጦና ቀለም በትንሽ ቆርቆሮ መያዝ ልማዴ ነው። ምላጩን አወጣሁና ተንበረከክሁ። «እጅዎን ያንሱልኝ፣ ስለት ነው» አልሁ።

«አላነሳም። ቁረጥ።»

እጃቸው ምንጣፉን እንደ ያዘ ጀመርሁ። ያ ኮላ ሲደርቅ ከእንጨቱ ይጠነክራል፤ ምላጭ በኮላው ውስጥ ሳይሆን በኮላውና በጨርቁ መካከል መግባት አለበት። ክፍተቱ ከወረቀት አይሰፋም። አንደኛው ነጥብ በቀላሉ ለቀቀ። ሁለተኛው ላይ ከረባቱ ትንሽ ተተረተረ። ሦስተኛው ላይ ምላጩ አመለጠኝና የራሴን አውራ ጣት ቆረጠኝ። ኡስታ ሳሌም አይቶ መሐረቡን አቀበለኝ። በአራተኛው ዘንጉ ራሱ ቀጭ ብሎ ተሰነጠቀ፤ ምንጣፉ ግን ተላቀቀ።

ሐጂያ ሩማና አወረዱት። በበሩ ይዘውት ወጡ፤ ከላይ አላወጡትም።

«ነቢላ፣ እጅሽን አምጪ።»

ነቢላ ቀረበች። ምንጣፉን መዳፏ ላይ አኑረው ጣቶቿን አንድ በአንድ አጠፉባት። ከዚያ ፊታቸውን የሽማግሌዎቹ ድምፅ ወደ መጣበት አቅጣጫ መለሱ።

«በሉ፣ አሁን ጠይቁኝ» አሉ።

ከዚያ ቀጥሎ የተባለውን አልሰማሁም፤ ኡስታ ሳሌም በክንዴ ይዞ አወጣኝ። የቤተሰብ ጉዳይ ነው፣ እኛን አይመለከትም አለ። ደረጃውን እየወረድን ጣቴን አየና ራሱን ነቀነቀ። «አራት ቦታ! አንዱ አይበቃም ነበር?» አለኝ። አንደኛ ፎቅ ሳንደርስ ከላይ፣ እሺታ ሲገኝ የሚደረገው የፋቲሓ ዱዓ ሲቀራ ሰማን። ኡስታ ሳሌም እዚያው ደረጃው ላይ ቆሞ ሁለት እጁን ዘረጋና አሚን አለ።

በሳምንቱ ተመልሼ መደቡን በጣት ያህል ከፍ አደረግሁት። ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ያህል ሠርቻለሁ፤ ዓይኔ ሲደክም ተውሁት። በዚህ ሙያ ላሉና ለሚገቡ ሰዎች ከልምዴ የማስተላልፈው አጭር ነው። ሰው በትልቁ ቤት በእጁ የሚያወርደውን ነገር በትንሿ ቤት አታጣብቁት። አንድን ዕቃ ከመለካታችሁ በፊት፣ እርግጠኛ ብትሆኑም እንኳ፣ ለምን እዚያ እንደ ተቀመጠ የቤቱን ባለቤት ጠይቁ።